ሁለት ጊዜ የተከፈለ እራት

«ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ይላል ያገራችን ሰው። የሽርሽር መርከብ ኩባንያዎች ይህን ተረት ሰምተውት አያውቁ ይሆናል፤ ፍሬ ነገሩ ግን ከኛ ይልቅ ለነሱ ገብቷቸዋል። መንገዱን በባሕር ላይ ሠሩት። ተጓዡ ዋጋውን ከፍሎ ከተሳፈረ በኋላ ደግሞ እዚያው መርከብ ውስጥ ሌላ በር፣ ከዚያ በር ወዲያም ሌላ በር እየከፈቱ በየበሩ ሒሳብ መዝጋቢ አቆሙ። እኔ ዛሬ የምሟገተው ከነዚህ በሮች ስለ አንዱ ብቻ ነው፤ ተጨማሪ ስለሚከፈልበት ምግብ ቤት በር።

«የባሕር በር የሌለው አገር ሰው ስለ መርከብ እራት ምን አገባው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ያገባዋል። በዋሽንግተን፣ በአትላንታ፣ በዳላስ የሚኖረው ወገናችን ልደት ሲያከብር፣ ልጅ ሲያስመርቅ ወይም የጋብቻውን ዓመት ሲቆጥር ከፍሎሪዳ ተሳፍሮ ካሪቢያንን ዞሮ መመለስ ከጀመረ ቆይቷል። ቪዛ ሲቀናው ካዲስ አበባ ዘመዶቹን አስመጥቶ ይዞ ይሄዳል። ትኬቱ ተቆርጦ ገና ሻንጣ ሳይዘጋ አንድ ጥያቄ ይመጣል፤ «ልዩውን ምግብ ቤት እንጨምር ወይስ ይቅርብን?» እኔም የአክስቴን 70ኛ ዓመት ለማክበር ከዘጠኝ ዘመዶቼ ጋር አንድ ሳምንት በተጓዝኩ ጊዜ በዚሁ ጥያቄ ተሟግቻለሁ። ክርክሩ ከመርከብ ከወረድን በኋላም በስልክ ቀጥሏል። የኔ መልስ አጭር ነው፤ አይከፈልም። ምክንያቱ ግን ረዘም ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተጓዡ ትኬት ሲገዛ አልጋውን፣ ጉዞውን፣ የማታውን ትርዒትና ምግቡን አንድ ላይ ነው የሚገዛው። ለምግብ የሚሆን ዋና አዳራሽ አለ፤ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ ከመጀመሪያው ሰሃን እስከ ጣፋጩ በተራ የሚያቀርብ አስተናጋጅ ያለበት። ላይኛው ወለል ላይ ደግሞ ሰው ራሱ እያነሳ የሚበላበት ቡፌ አለ። ለሁለቱም ተከፍሏል። ከነዚህ ሌላ ግን የስቴክ ቤት፣ የጣሊያን ቤት፣ የጃፓን ቤት፣ የፈረንሳይ ቤት እየተባሉ በመርከቡ ወለሎች ላይ የተበተኑ ክፍሎች አሉ። እዚያ ለመግባት በሰው ከ40 እስከ 70 ዶላር ድረስ ይጠየቃል፤ በላዩ ላይ 18 ወይም 20 በመቶ የአገልግሎት ይጨመራል። ዋጋው እንደ አውሮፕላን ትኬት እንደ መርከቡና እንደ ቀኑ ይለዋወጣል። ሽያጩ የሚጀምረው ከጉዞው ወራት አስቀድሞ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ደግሞ ከአሳንሰሩ ደጃፍ ጠረጴዛ ዘርግቶ ይጠብቃል።

ሒሳቡን እንሥራው። አባት፣ እናትና ሁለት ለአቅመ ስቴክ የደረሱ ልጆች ናቸው እንበል። በሰው 60 ዶላር፣ ከነ20 በመቶው 72 ዶላር። ለአራት ሰው 288 ዶላር። በሳምንቱ ሁለት ማታ ቢሄዱ 576 ዶላር። ወቅቱን ጠብቆ ለሚገዛ ሰው በዚህ ገንዘብ መስኮት በሌለው ካቢን የአንድ ሰው የአንድ ሳምንት ጉዞ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ማለትም ሁለት እራት አንድ ሰው ከነአልጋው፣ ከነምግቡ፣ ከነባሕሩ አከለ።

ደጋፊዎቹ ይህን ሲሰሙ የሚመልሱት ዝግጁ ነው። የአክስቴ ልጅ እንዲህ አለኝ፦ «ወንድሜ፣ ይህንን ስቴክ ከተማ ውስጥ ብትበላው መቶ ዶላር አይበቃህም። በ60 ካገኘኸው አተረፍክ እንጂ ምን ከሰርክ?»

ክርክሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ከተማ ውስጥ ምግብ ቤት ስትገባ ቀድሞ የተከፈለበት እራት ሌላ ቦታ እየጠበቀህ አይደለም። መርከብ ላይ ግን ይጠብቅሃል፤ ወንበርህ ተቆጥሯል፣ ምግብህ ተገዝቷል፣ ዋጋው ከኪስህ ወጥቷል። ስለዚህ ማነጻጸር ያለብን 60ን ከ100 ጋር ሳይሆን 60ን ከዜሮ ጋር ነው። የተውከው እራት ዋጋ አይመለስልህም። አንድ ማታ አንድ ሰው ሁለት እራት ገዝቶ አንዱን ብቻ በላ ማለት ነው።

«አይመለስልህም» ያልኩትን ልብ ይሏል፤ የሚመለስበት ዘመን ነበረና። ተጨማሪ የሚከፈልበት ምግብ ቤት በመርከብ ላይ የዛሬ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1905 የጀርመኑ ሐምቡርግ–አሜሪካ መሥመር «አሜሪካ» በተባለችው መርከቡ ላይ ሪትዝ–ካርልተን የሚባል ምግብ ቤት ከፈተ። የኩባንያው ኃላፊ አልበርት ባሊን ሐሳቡን የወሰደው ከለንደኑ ካርልተን ሆቴል ነው። ከዚያ እንግሊዞቹ ተከተሉ። በታይታኒክ ላይም ለአንደኛ ማዕረግ ተሳፋሪ ብቻ የተከፈተ፣ ሉዊጂ ጋቲ የተባለ ጣሊያናዊ በኮንትራት ይዞት የነበረ እንዲህ ያለ ምግብ ቤት ነበር። አሁን የዋይት ስታርን ደንብ ተመልከቱ። ከዋናው አዳራሽ ቀርቶ ጉዞውን በሙሉ በጋቲ ቤት ለሚመገብ ተሳፋሪ ከትኬቱ ላይ 3 ፓውንድ፣ ውድ ትኬት ለያዘ ደግሞ 5 ፓውንድ ይቀነስለት ነበር።

የዚያ ዘመን የመርከብ ባለቤቶች ስለ ርኅራኄ የሚነገርላቸው አይደሉም። ተሳፋሪን በማዕረግ ከፋፍለው፣ ድኻውን ከታች ወለል አውርደው፣ በየመካከሉ በር የዘጉ ናቸው። እነሱ እንኳ «የኔን ማዕድ ካልበላህ ዋጋውን ልቀንስልህ» ብለው ነበር። እኩልነት በሚሰበክበት በኛ ዘመን ግን የኩባንያ ደንብ አዋቂዎች ይህን ትንሽ ሐቅ ከትኬቱ ላይ ፍቀው አጠፉት።

ለምን እንዳጠፉት ለማወቅ የሒሳብ መዝገባቸውን ማየት ይበቃል። ካርኒቫል ኮርፖሬሽን የተባለው ትልቁ የሽርሽር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ21 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ከዚህ ውስጥ 7.5 ቢሊዮን ያህሉ ከትኬት ሽያጭ አይደለም። መጠጡ፣ ቁማሩ፣ የወደብ ጉብኝቱ፣ ልዩው እራትና ሌላው ሌላው ተደምሮ ያመጣው ነው። ሲሶ ማለት ነው! ሲሶ ምን እንደሆነ ለኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ አያቶቻችን ለባለርስት የገበሩት እሱን ነበር። የዛሬው ተሳፋሪ ጸሐይ እየሞቀ፣ በፈቃዱ፣ ፎቶግራፍ እየተነሳ የሲሶ ገባር ሆኗል።

የሙግቴ እምብርት እዚህ ላይ ነው። ሲሶ ገቢውን ከሁለተኛው በር የሚያገኝ ኩባንያ የመጀመሪያውን ማዕድ የሚያሳምርበት ምን ምክንያት አለው? የፊተኛው ማዕድ እጅግ ከጣመ የኋለኛውን በር ማን ያንኳኳዋል? ማዕዱ በጣም ከከፋ ደግሞ ተሳፋሪው በዓመቱ አይመለስም። ስለዚህ ምግቡ በሁለቱ መካከል ይያዛል፤ አያስቀይምም፣ አያስደስትም። እዚያ ዋናው አዳራሽ ተቀምጦ «ደኅና ነው፣ ግን…» የሚል ሰው ያ «ግን» በአጋጣሚ የመጣበት እንዳይመስለው። «ግን» የምትለዋ ቃል ሻጭ ነች።

ማስረጃም ከሩቅ አይፈለግም። በዋናው አዳራሽ የፈለጉትን ያህል ሰሃን ማዘዝ የቆየ ልማድ ነበር። ካርኒቫል እ.ኤ.አ. በ2022 በዋናው አዳራሽ ሦስተኛ ዋና ምግብ ለሚያዝ ሰው 5 ዶላር ማስከፈል ጀመረ። «ሦስት ዋና ምግብ የሚበላው ማነው?» ትሉ ይሆናል። እኔም ሁለቱን አልጨርስም። ዳሩ ግን 5 ዶላሩ ከጨዋታው ሕግ እንጂ ከሆዳችን ጋር አይደለም ጉዳዩ። በዋናው አዳራሽ የምግብ ዝርዝር ላይም ከአንዳንዱ ስቴክና ሎብስተር አጠገብ ዋጋ የሚጻፍባቸው መርከቦች ዛሬ ብዙ ናቸው። በሩ ዘመዶቹን ይዞ ወደ ጠረጴዛችን እየመጣ ነው። እንዲመጣ የጋበዝነውም ልዩውን ምግብ ቤት በገንዘባችን ያጸደቅንለት እኛ ነን።

ከደጋፊዎቹ ክርክር ውስጥ እውነት የለበትም አልልም። ሁለተኛው ክርክራቸው «ምግቡ ይሻላል» የሚል ነው። ይሻላል! ምክንያቱም ግልጽ ነው። ዋናው አዳራሽ በብዙ መርከቦች ላይ በሁለት ዙር ያበላል፤ አንዱ ዙር ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ፣ ሌላው ከ2 ሰዓት በኋላ። በአንድ ዙር ብቻ በመቶና በሺ የሚቆጠር ሰሃን በአንድ ጊዜ መውጣት አለበት። «አይከን ኦፍ ዘ ሲስ» የምትባለው የሮያል ካሪቢያን መርከብ እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ ስትጀምር እስከ 7,600 ተሳፋሪ እንድትይዝ ሆና ነው የተሠራች። የትናንሽ ከተማ ሕዝብ ነው። እንዲህ ላለ ሕዝብ የሚወጣ ስቴክ ተራውን እየጠበቀ ይበርዳል። ልዩው ምግብ ቤት ግን ጥቂት ጠረጴዛ ስላለው ሥጋው የሚጠበሰው ታዞ ነው።

ነገር ግን የሚሻለው ምን ያህል ነው? ሁለቱም ወጥ ቤቶች ከአንድ መርከብ ናቸው። ዕቃው የተጫነው በመነሻው ወደብ ባንድ ቀን ነው። ከእግርህ በታች ባሕር ሞልቶ ተርፎ ሳለ በሰሃንህ ላይ ያለው ዓሣ ከፍሎሪዳ በበረዶ ተጭኖ የመጣ ነው፤ በነጻው አዳራሽም፣ በ60 ዶላሩ ቤትም። በእሳት አደጋ ፍርሃት ምክንያት በመርከብ ወጥ ቤት የሚሠራው በአብዛኛው በኤሌክትሪክ ነው፤ ሻማው፣ የእንጨት ግድግዳውና ዝግ ያለው ሙዚቃ ግን ከሰል የነደደ ያስመስሉታል። 72 ዶላር ለትኩሳት፣ ለጸጥታና ለመብራት መደብዘዝ ከሆነ የሚከፈለው፣ እሺ፣ ስሙ በስሙ ይጠራ። ስለ ሥጋው ነው አይባል።

ሦስተኛው ክርክራቸው ስለ ነጻነት ነው። ድሮ በመርከብ ላይ ተሳፋሪ ሰዓቱም፣ ጠረጴዛውም፣ አብሮት የሚቀመጠውም ሰው ተወስኖለት ነበር የሚበላው። እ.ኤ.አ. በ2000 ኖርዊጅያን ክሩዝ ላይን ይህን ልማድ ሰብሮ ተሳፋሪው በፈለገው ሰዓት፣ በፈለገው ቦታ እንዲበላ አደረገ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ይህ መልካም ነገር ነው፤ ልጅ የያዘና የማያውቀው ሰው አጠገብ መቀመጥ የሚጨንቀው ሰው ተገላገለ። ግን የመምረጥ ነጻነትና የመክፈል ግዴታ መንትዮች ናቸው ያለው ማነው? ኦሺኒያ፣ ሪጀንትና ሲቦርን የሚባሉት ኩባንያዎች በአብዛኛው ለልዩ ምግብ ቤቶቻቸው ተጨማሪ አያስከፍሉም። ትኬታቸው ውድ ነው፤ አልክድም። ሆኖም ዋጋቸውን አንድ ጊዜ ተናግረው አንድ ጊዜ ይቀበላሉ። ተጓዡም አቅሙን ዐውቆ ይገባል ወይም ይቀራል። እኔ የምቃወመው ውድነትን አይደለም፤ ርካሽ መስሎ ጠርቶ ከገቡ በኋላ በቁራጭ በቁራጭ መሸጥን ነው።

አሁን ከሒሳብ ወደ ገበታ ልለፍ፤ ለኔ ትልቁ ጉዳት ያለው እዚያ ነውና።

ዘጠኝ ዘመዶቼና እኔ አንድ ክብ ጠረጴዛ ነበር የተሰጠን። በሦስተኛው ማታ ሦስቱ ልዩውን የስቴክ ቤት መረጡ። የአክስቴ ልጅ «እዚህ ድረስ መጥቼ የሰርግ ቤት ምግብ አልበላም» ብሎ ሄደ። ሁለት የእኅቴ ልጆች ተከተሉት። ቀኑ ረቡዕ ነበር። አክስቴ ጾመኛ ናቸው። ከዚያ ማታ በፊትም ሎብስተር የተባለውን ፍጡር አይተው «እግሩ የበዛ ነገር በገበታዬ አይቀርብም» ብለዋል። እንግዲህ ለሳቸው የስቴክና የሎብስተር ቤት ምን ያደርግላቸዋል? ቢከፈልላቸውም የሚቀርብላቸው ድንችና ሰላጣ ነው። እሳቸው ከኛ ጋር ቀሩ። ሦስት ወንበር ባዶ ሆነ። የመጡት ግን አክስታቸውንና እናታቸውን ሊያከብሩ ነበር።

በዚያው ማታ በነጻው አዳራሽ የሆነውን ልንገራችሁ። አስተናጋጃችን ሕንዳዊ ነበር። አክስቴ ቅቤም፣ ወተትም፣ እንቁላልም እንደማይነኩ ስነግረው ፈገግ ብሎ ሄደና ከዝርዝሩ ላይ የሌለ የሽምብራና የምስር ወጥ በዘይት የተሠራ አመጣ፤ ቂጣ ቢጤም ጨምሮበት። ለካስ ከወጥ ቤቱ ሠራተኞች ብዙዎቹ ሕንዶች ስለሆኑ ለራሳቸውም፣ ለሕንዳውያን ተሳፋሪዎችም በየቀኑ ይሠራል። አክስቴ ቀምሰው «ልጄ፣ ከየት ነህ?» አሉት። ከኬረላ ነኝ አለ። እሳቸውም በንጉሡ ዘመን ሒሳብ ያስተማሯቸው መምህር ከኬረላ የመጡ እንደነበሩ ነገሩት። ከዚያ ወዲያ ያ ልጅ ማታ ማታ ሳይጠየቅ የሳቸውን ሰሃን ይዞ ይመጣ ነበር። ለዚህ ዋጋ አልተጻፈበትም።

ስለ አስተናጋጆቹ ካነሳን አይቀር ሌላም ነገር አለ። በኛ ቋንቋ ጉርሻ ሁለት ትርጉም አለው፤ ለወዳጅ በእጅ ጠቅልሎ ማጉረስና ለአስተናጋጅ በፈቃድ የሚሰጥ ገንዘብ። መርከብ ላይ ሦስተኛ ትርጉም አግኝቷል፤ ሳይጠየቁ ከሒሳብ ላይ የሚቆረጥ። በቀን በሰው ከ16 እስከ 20 ዶላር ገደማ ይቆረጣል፤ ልዩው ቤት ሲገቡ ደግሞ ያ 18 ወይም 20 በመቶ ይደረባል። ሠራተኛው ይገባዋል፤ እኔ አልነፍገውም። እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት እንኳ በቀን እስከ 14 ሰዓት፣ በሳምንት እስከ 72 ሰዓት ማሠራትን ይፈቅዳል። ፊሊፒናዊው፣ ሕንዱና ኢንዶኔዥያዊው ከልጆቻቸው ርቀው በዚህ ሰዓት ነው የሚሠሩት። ጥያቄዬ ግን ይህ ነው፤ የሰውን ደመወዝ ከተሳፋሪ ጉርሻ ላይ ጥሎ የሚሄድ ኩባንያ 60 ዶላሩን ራሱን ምን አደረገው?

የልዩው ቤት ድምቀት በማን ትከሻ እንደሚቆም ታሪክም ይነግረናል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 14 ቀን 1912 ማታ የታይታኒክ ካፒቴን ስሚዝ ዊድነር የተባለ የሀብታም ቤተሰብ ጋብዟቸው በጋቲ ምግብ ቤት እራት በልተዋል። ሌሊቱን መርከቡ ሰጠመ። የጋቲ ሠራተኞች ከ60 በላይ ነበሩ፤ አብዛኞቹ ጣሊያኖችና ፈረንሳዮች። ደመወዛቸውን የሚከፍላቸው ጋቲ እንጂ ዋይት ስታር አልነበረም። ከነዚያ ሁሉ ውስጥ የተረፉት ሦስት ብቻ ናቸው፤ ሁለት ሴት ገንዘብ ተቀባዮችና አንድ የወጥ ቤት ጸሐፊ። ጋቲም ሞተ። ይህን የማነሳው የዛሬውን መርከብ ሊሰጥም ነው ለማለት አይደለም። ልዩ የተባለው ክፍል ከተቀረው መርከብ ተነጥሎ ሲቆም፣ በውስጡ የሚሠራውም ሰው ተነጥሎ እንደሚቀር ለማስታወስ ነው።

አራተኛው ክርክር «ገንዘቤ ነው፣ ምን ቸገረህ?» የሚል ነው። ለዚህ መልስ የለኝም፤ ገንዘቡ የሱ ነው። ሙሽሮች ለብቻቸው አንድ ማታ ሊቀመጡ ቢፈልጉ፣ ጫጫታ የሚያሳምመው ሰው ጸጥታ ቢገዛ፣ «እናንተ ሆዳሞች» ብዬ በር ላይ አልቆምም። የተጠየቅኩት ግን መብት ስለመሆኑ ሳይሆን ዋጋው ስለማዋጣቱ ነው። አያዋጣም።

እንግዲህ ለሚሄድ ወገኔ የምመክረው ይህን ነው። ትኬት ሲቆረጥ ለቤተሰቡ አንድ ጠረጴዛና አንድ ሰዓት በዋናው አዳራሽ አስመዝግቡ። ጾመኛ ካለ፣ ከተሳፈራችሁበት ቀን ጀምሮ ለአስተናጋጁ ምን እንደማይበላ በዝርዝር ንገሩት፤ «ቬጂቴሪያን» ማለት ብቻ ቅቤና ወተት ይዞ ይመጣል። የቀረበው ከበረደ መልሱት፤ ያለ ምንም ማንገራገር ሌላ ያመጣሉ፤ ተከፍሎበታልና። ዛሬ ማታ ከወጥ ቤቱ ደኅና የወጣው ምን እንደሆነ አስተናጋጁን ጠይቁት፤ እሱ ያውቃል።

የተረፈችውን 72 ዶላር ደግሞ መርከቡ ወደብ ሲቆም ይዛችኋት ውረዱ። ብዙው ተሳፋሪ «መርከቡ ላይ ተከፍሎበታል» እያለ ለምሳ ተመልሶ ስለሚሳፈር፣ የደሴቱ ሰው ከሺዎቹ እንግዶች የሚያገኘው የአንድ ጠርሙስ ውሃና የአንድ ቆብ ዋጋ ነው። በባሃማስ ናሳው ውስጥ አራዋክ ኬይ የሚባል ሠፈር አለ፤ ሰዉ «ፊሽ ፍራይ» ይለዋል። ኮንክ የተባለውን ባለዛጎል የባሕር ፍጡር በዓይናችሁ ፊት ከትፈው፣ በሎሚና በሚያቃጥል ቃሪያ ለውሰው ያቀርባሉ። ባለዛጎል ለማይበላ፣ እንደ አክስቴ ላለው፣ ከነጭንቅላቱ የተጠበሰ ዓሣ አለ፤ ይህኛው በበረዶ ከፍሎሪዳ አልመጣም። ሒሳቡን የምትቀበላችሁ ሴትዮ የጠበሰችው ራሷ ናት። ለሷ ክፈሉ።